የኮልፌው ማዕበል

ባለፈው መስከረም ሥራዬን ትቼ የዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ተማሪ ሆንኩ። የክፍል ጓደኞቼ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የመጡ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆሜ ቦታ ስፈልግ አንዱ ከመቀመጫው ብድግ አለና "መምህርት፣ ሰሌዳው በዚህ በኩል ነው" አለኝ። ተማሪ መሆኔን ስነግረው እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም "እትዬ" ይሉኛል። አልከፋኝም። ከፊት እቀመጣለሁ፣ የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ መምህሩ ሲጠይቅ እጄን የማወጣው ሌላ ሰው አለማውጣቱን አይቼ ነው።

የተማሪዎች መጽሔት አዘጋጆች ከትምህርት በፊት ሥራ የነበረን ሰዎች ስለ ሥራ ዘመናችን እንድንጽፍ ሲጠይቁ ቶሎ እሺ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ስዘረጋ ግን ፈራሁ። ሌሎቹ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ሆስፒታል ሊጽፉ ነው። የእኔ ሥራ የሰውን የቀን ክፍያ መጠየቅ፣ የአጠና እስር መለካት፣ ከዚያ ሁሉንም በወረቀት ላይ መስመር ማድረግ ነበር። መስመር እንዴት ተብሎ ይተረካል? ቢሆንም እሞክራለሁ። ያን ጊዜ ሳስበው ሁልጊዜ ጉም ውስጥ ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ስለዚህ አንዳንዱ ነገር ብዥ ካለ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ሥራ የጀመርኩት በታይፒስትነት ነው። የመጀመሪያ አለቃዬ አቶ ጌታነህ በደብዳቤው ውስጥ የተጻፈው ነገር ብዙም አያስጨንቃቸውም፤ የሚያስጨንቃቸው ኅዳጉ ነበር። ማስመሪያ ይዘው ግራና ቀኙን ይለኩና ትንሽ ከተዛነፈ "ልጄ፣ ደብዳቤው ሰክሯል" ብለው ይመልሱልኛል። ደመወዙ ለትራንስፖርትና ለቤት ትንሽ መደጎሚያ ይበቃ ነበር። ከአቶ ጌታነህ የተማርኩት ጥንቃቄን ነው፤ ያ ጥንቃቄ ደግሞ ወደ ዶክተር ዘለቀ አደረሰኝ። ዶክተሩ አኀዝ ሲጽፍ የማይሳሳት ታይፒስት እየፈለጉ ነበር።

ዶክተር ዘለቀ ውጭ አገር ተምረው የመጡ የኢኮኖሚ መምህር ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ከትከሻቸው የሚሰፋ ሰው። የሚያጠኑት ሥራና ንግድ ለምን አንድ ጊዜ እንደሚደራ፣ አንድ ጊዜ እንደሚቀዘቅዝ፤ የሠራተኛው ክፍያ ያን እንዴት እንደሚከተል፤ ባንክ ብድር ሲያላላና ሲያጠብቅ ደግሞ ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ይህን ሲያስረዱኝ ጠረጴዛው ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

"አገር ይተነፍሳል አስቴር። እኛ ትንፋሹን ነው የምንቆጥረው።"

"የት ቦታ ነው የሚቆጠረው?" አልኳቸው።

"ኮልፌ" አሉ።

ሳቄ መጣብኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ኮልፌ ነው። እሳቸው ግን ምክንያት ነበራቸው። በዚህ ከተማ ገንዘብ ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ግድግዳ ነው፤ አጥር ያጥራል፣ ጓዳ ይቀጥላል፣ የሚከራይ ክፍል ይሠራል። የጭቃ ቤት የሚሠራ ደግሞ አጠና ይገዛል። ስለዚህ አጠና ተራ ቆሞ የሚያይ ሰው ገንዘቡ ወደ ከተማው ሲገባና ሲወጣ ከማንም ቀድሞ ያያል። ዶክተሩ ከሐጂ ሸምሱ የአጠና ግቢ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ውስጧ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና በእጅ የሚዞር የሂሳብ መኪና ነበር። ታይፒስትነቴ ቀረና መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ፤ በኋላም መኪናውን የማዞረው፣ መስመሩን የምስለው እኔ ሆንኩ።

ሰው የተወለደበትን ሰፈር እንደ አዲስ ሊያየው የሚችለው ሥራው ሲሆን ብቻ ነው መሰለኝ። በጥቅምት ጠዋት ጉሙ ከወጨጫ ተራራ ተንሸራቶ ይመጣና ግቢውን ይሞላዋል። እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙት አጠናዎች ከወገባቸው በታች ይጠፋሉ፤ ጫፋቸው ብቻ ነጭ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የፈረስ ጋሪ ድምፅ ይሰማል፤ ፈረሱ ግን አይታይም። አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ሰዎቹ ለቀን ሥራ የሚቆሙበት ጥግ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ሆነው ብቅ ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ እኔም ገና እንቅልፌ ስላልለቀቀኝ ሥራውንና ሕልሙን መለየት ይቸግረኝ ነበር።

ስለ ዶክተር ዘለቀ ልማድ ትንሽ ልጻፍ፤ ያወቅሁት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነውና። እሳቸው ግቢ ሲገቡ ምንም አይጠይቁም። አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከኪሳቸው ቆሎ ያወጣሉ፣ እየቆረጠሙ ዝም ብለው ያያሉ። ሰው እስኪረሳቸው ይቆያሉ። ከዚያ አንድ ነገር ይጠይቁና የተመለሰላቸውን ሰምተው "ከዚያስ?" ይላሉ። ሲመለስላቸው እንደገና "ከዚያስ?" ሦስተኛው መልስ ላይ ነው ጆሯቸው የሚነቃው። "የመጀመሪያው መልስ ለጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው እኔን ለማስደሰት ነው" ይሉኝ ነበር።

የሰውን ክፍያ በጓደኞቹ ፊት እንዳልጠይቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሰው ፊት የተጠየቀ ወንድ የራሱን ከፍ ያደርጋል፤ የጓደኛውን ደግሞ ዝቅ። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻ ስለ ራሱም፣ ትናንት አጠገቡ ስለሠራው ሰውም እጠይቃለሁ፤ እውነቱ ከሁለቱ መሐል ይገኛል። የአጠናው ዋጋም እንዲሁ ነው። ገበያ ሲደራ ሻጩ ዋጋውን አይነካም፤ እስሩ ውስጥ ቀጫጭኑን ይደብቃል። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን እስሩን በስንዝር እለካ ነበር። ሌላ ደግሞ አለ፤ ጠዋት ከሚቆሙት መካከል መጨረሻ የሚወሰደው ሰው የሚሄደው ስንት ሰዓት እንደሆነ ማየት። ፀሐይ ጠንክራ እሱ ገና ቆሞ ከሆነ ቀጣዩ ሳምንት ክፉ ነው።

መጨረሻ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ሽፈራው የሚባል ጭቃ አቡኪ ነበር።

"አንቺ የወልዴ ልጅ፣ ዛሬም ልትቆጥሪኝ መጣሽ?" ይለኛል።

"ዛሬ ማን ነው መጨረሻ?"

"ዛሬማ አላሳፈርኩሽም፣ ይኸው እኔው ነኝ።"

"መልኩን እያዩ ነው የሚተዉት" ይላል ሌላው።

"አንተን ታዲያ ምንህን አይተው ወሰዱህ? ጨለማ ነበር እንዴ?"

ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ደግሞ ሐጂ ሸምሱ ግቢ ጫኝና አውራጅ ነበር። አጠና ተሸክሞ ባጠገቤ ሲያልፍ "ጻፊ፣ ጻፊ፣ ላቤንም በስንዝር ለኪው" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አባታችን ከሞቱ ወዲህ የቤቱ ምሰሶ እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃ አይደርቅም፣ ማንም ቤት አይሠራም፣ ግቢውም ፀጥ ይላል። ከክረምት የምንወጣው ሁልጊዜ ከስተን ነበር።

ዶክተሩ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፤ አኀዙን ጻፊ፣ ምክንያቱን አትጻፊ። "ምክንያት ያየ ዓይን አኀዙን ያጣምመዋል" ይላሉ። እኔም እንዳሉት አደረግሁ። ወር በወር የሰበሰብነውን ወደ ፈረንጅ ወር እንለውጥና መኪናውን አዞራለሁ፤ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ትንሽ ደወል ትጮሃለች። ከዚያ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እናስቀምጣለን። ዶክተሩ የክረምቱን መቀዝቀዝ በሂሳብ ከመስመሩ ውስጥ አወጡት። ከዐቢይ ጾም በፊት ያለውን የሰርግ ጥድፊያ አወጡት። የፋሲካን፣ የመስቀልን፣ የገናን አወጡ። በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመጣው ሁሉ ሲወጣ የሚቀረው የአገሪቱ እውነተኛ ትንፋሽ ነው አሉኝ።

የቀረው ደግሞ ማዕበል ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ መስመሩ ከፍ ብሎ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መጣ፤ ግን ትንሽ ቀደም ብሎ። ከዚያም ወደ ጥቅምት ተጠጋ፤ አሁንም ቀደመ። አጠናውም፣ ክፍያውም፣ የመጨረሻው ሰው የሚወሰድበት ሰዓትም አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ማዕበል ሲሉኝ የሚታየኝ ከሰፈራችን በላይ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ጫካው ከዳር ጀምሮ እየተጎነበሰ፣ የቅጠሉ ብርማ ጀርባ እየታየ፣ አንድ ረጅም ነገር በላዩ የሚሄድ ይመስላል። መስመሩን ስስል ያ ነፋስ ይሰማኝ ነበር። ተኝቼም በሕልሜ አየዋለሁ፤ ኮልፌ በሙሉ፣ ቤቱም አጥሩም ሰውም ቀስ ብሎ ከፍ ይልና ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ማንም አይነቃም።

ዶክተሩ ማዕበሉ ለምን በየዓመቱ እንደሚቀድም ሲያስቡ ከረሙና አንድ ቀን በራላቸው። ባንክ ለቡና ግዢ ብድር የሚያላላበት ወቅት አለ፤ ያ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ የከተማ ነጋዴ ጋ ይደርሳል። ነጋዴው ብድሩ እንደሚመጣ ስለለመደ ከዓመት ዓመት ቀድሞ መግዛት፣ ቀድሞ መቅጠር ጀምሯል ማለት ነው። "ነጋዴው የባንኩን እጅ ገና ሳይዘረጋ እያየው ነው!" አሉኝ። ዓይናቸው እንደ ልጅ ያበራ ነበር። ከዚያ ጥናቱ ተጻፈ፤ ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። መደምደሚያው ባንኩ በመስከረም ለከተማ ነጋዴዎች የሚሰጠውን ብድር ያጥብቅ የሚል ነበር። የገንዘብ ነገር የሚመለከተው ኮሚቴ ረቂቁን አይቶ ወደደው፤ ዶክተሩ ቀርበው እንዲያነቡና ውሳኔ እንዲሰጥበት ተቀጠረ።

ለተስፋዬ ነገርኩት። እራት እየበላን ነበር።

"ብድሩ ሲጠብቅ ሐጂ አጠናውን በምን ያመጣሉ?" አለኝ።

"ትንሽ ይቀንሳሉ።"

መጉረሱን ተወ። "ትንሹ እኔ ነኝ አስቱ።"

"ማዕበሉ ከፍ ብሎ ሲወድቅ ነው የሚጎዳው፣ ዝቅ ካለ አወዳደቁ ይለዝባል ይላሉ ዶክተር።"

"የት ነው ከፍ ያለው? አሳዪኝና ልውጣበት" አለ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያስቅ አልነበረም። "ከክረምት እንዴት እንደምንወጣ አንቺ አታውቂም? በመስከረም ሥራ ከጠፋ ይቺ ቤት ምን ትበላለች?"

በማግስቱ ይህንኑ ለዶክተር ዘለቀ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩና "አውቃለሁ። ለዚህ ነው አሥር ጊዜ ደጋግሜ ያየሁት። ስህተት ቢኖርበት እኮ ደስ ባለኝ" አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ሊያነቡ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀራቸው ሐጂ ሸምሱን ለማመስገን ወደ ግቢው መጡ። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠርቷል። ግቢው ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ አብዛኛው አጠና ለሰርግ ዳስ ተሸጦ አልቋል። ዶክተሩ ይህን አይተው ደስ አላቸው። "ይኸው መጣ፤ ዘንድሮም ቀደመ" ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ግንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቆሎ አወጡ።

ፀሐይ ወጨጫ ጀርባ ስትገባ ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። ከፊሎቹ የቀረው የአጠና ክምር ላይ ወጡና ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ቆሙ። ከጎረቤት ግቢም ሰው ወጣ። ሁሉም አንድ ቦታ ያያል። ሰማዩ ከታች ብርቱካንማ፣ ከላይ ሰማያዊ ሆኖ በመካከሉ ስም የሌለው ቀለም ነበር።

"ምንድን ነው የሚያዩት?" አሉ ዶክተሩ፣ ተስፋዬን።

"ጨረቃ ነዋ። ከታየች ነገ ረመዳን ይገባል። ሰርገኛው ሁሉ ሲራወጥ የከረመው ለዚህ አይደል? ጾሙ ከገባ ማን ይድራል?"

ዶክተሩ ቆሎ መቆርጠም አቆሙ።

"ያቻት!" አለ ከክምሩ ላይ አንዱ። እኔም አየኋት፤ የጥፍር ቁራጭ ታክላለች፣ ከመቅጠኗ የተነሣ ዓይን ሲያርፍባት የምትሸሽ ትመስላለች። ሐጂ ሸምሱ መዳፋቸውን ከፍተው ጸለዩ። ሰው እርስ በርሱ እንኳን አደረሰህ ተባባለ። ዶክተር ዘለቀ ግን ከግንዱ አልተነሡም። ከመሬት የከሰል ስባሪ አነሡና አጠገባቸው በተጋደመው የተላጠ አጠና ላይ አጫጭር መስመር ማስመር ጀመሩ፤ አንዱን፣ ከሱ ትንሽ ወደ ግራ ሌላውን፣ ከሱም ወደ ግራ ሌላውን። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ አሥር ቀን ያህል ይቀድማል። ምን እያደረጉ እንደሆነ የገባኝ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

እኔ ረመዳን ሲገባ ማወቄማ የታወቀ ነው፤ ከጎረቤት በሚመጣው የሾርባ ሽታ፣ በየደጁ በሚጠበሰው ሳምቡሳ አውቀዋለሁ። ግን ያ የሰፈር ነገር ነበር፤ ማዕበሉ ደግሞ የወረቀት። ሁለቱ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሳይተዋወቁ ለዓመታት ኖሩ።

"ሐጂ፣ እንኳን አደረሰዎ" አሉ ዶክተሩ በመጨረሻ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ምነው ዶክተር፣ ፊትዎ ተለዋወጠ? አመመዎት እንዴ?"

"ደህና ነኝ። አንድ የማውቀውን ሰው ድንገት አየሁና ነው።"

"የት?"

ዶክተሩ በአገጫቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። ሐጂ ወደዚያ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው "ቶሎ ተምር አምጣላቸው፣ ዶክተር ሳይበሉ ነው የሚውሉት" አሉ።

ወደ ፌርማታው አብረን ወረድን። ዶክተሩ ተምሩን በእጃቸው እንደያዙ ነበር። "አባቴ ቄስ ነበሩ" አሉ። "ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሁሉንም በልጅነቴ በቃሌ አውቀው ነበር። ከሂሳቡ ሁሉንም አወጣሁ አልኩ። ሁሉንም ስል ለካ የአባቴን ቤት ማለቴ ነበር።" እኛ ቤት ደግሞ የጸሎት ቤት ሰዎች፣ ፕሮቴስታንቶች፣ ስለሆንን ጾም በወር አንቆጥርም፤ ስለዚህ እኔ የሁለቱም አልነበርኩም። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጨረቃዋ ጠልቃ ነበር።

በቀጣዮቹ ቀናት ሁሉንም እንደገና ሠራነው። ወሩን በፀሐይ ሳይሆን በጨረቃ ስናሰልፈው ጫፎቹ ሁሉ አንድ ቦታ መጥተው ተደራረቡ፤ ከረመዳን በፊት ባለው የሰርግ ወር። ያንን ስናወጣው ማዕበሉ ተኛ። መኪናዋ ደወሏን ባሰማች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየሰከነ ሲሄድ እያየሁ እንባዬ መጣ። ዶክተሩ "ማዕበላችን ቆንጆ ነበረች፣ አይደል?" ብቻ አሉኝ።

ግን ማዕበሉ ሲተኛ ከሥሩ ሌላ ነገር ታየ። የቀን ክፍያው ባለፉት ዓመታት ሁሉ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ከጎኑ ያስቀመጥነው የዳቦ፣ የጤፍ፣ የላምባና የቤት ኪራይ ዋጋ ግን እየወጣ ነበር፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳይነቃበት ያህል ቀስ ብሎ። ላዩ ላይ ያለውን ከፍታና ዝቅታ ስንከተል ባሕሩ ራሱ እየጎደለ ነበር።

የጥናት ክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ሲሰሙ ቢሮ ድረስ መጡ። በር አልዘጉም፣ ስለዚህ ሰማሁ።

"ዘለቀ፣ ኮሚቴው ወረቀቱን ወዶታል። አንብበው። በኋላ ማረሚያ ትጽፋለህ። የመጪው ዓመት ገንዘብ የሚታደሰው በዚህ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሥራህን ትቀጥላለህ።"

"ከዚያስ?"

"ምን ከዚያስ አለው! ትኖራለህ፣ ታስተምራለህ!"

"የኮልፌ ሰውስ?"

ኃላፊው በሩን ከኋላቸው ዘግተው ወጡ። ዶክተሩ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያነቡ አላውቅም ነበር፤ ሁለቱንም ወረቀት ጠቅልዬ እንድይዝ ብቻ ነገሩኝ። ቤት ስገባ ተስፋዬ ጠየቀኝ፤ "አላውቅም" አልኩት። እናቴ ያን ምሽት ረዘም አድርጋ ጸለየች።

አዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ነበረው፤ በላዩ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ምንጣፉ የእግርን ድምፅ ስለሚውጥ ሰው ሁሉ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ዶክተሩ በመጀመሪያ የማዕበሉን ወረቀት እንድሰቅል ነገሩኝ። ባለሥልጣናቱ እያዩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የፊተኛውን ሊያነቡ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

"ክቡራን፣" አሉ ዶክተሩ፣ "ይህን መስመር ለዓመታት ስከተለው ኖሬያለሁ። በረቂቄ የብድር ማዕበል ነው ብያለሁ። አይደለም። የኮልፌ ሙስሊሞች ረመዳን ሳይገባ ልጆቻቸውን ይድራሉ፤ ለዳስ አጠና ይገዛሉ፤ ሠራተኛ ይቀጥራሉ። እኔ ያየሁት ጨረቃን ነው።"

አንዱ ሽማግሌ ሳቁ፤ ሁሉም ተከተሏቸው።

"ታዲያ ዶክተር፣ ባንኩ ጨረቃን ወለድ ይጠይቃት?"

ዶክተሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። "ይጠይቃት፤ ከሠራተኛው ይልቅ እሷ ትችላለች" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አስቴር፣ ሁለተኛውን ስቀዪው።"

ወረቀቱን የምሰካበት መርፌ ወደቀብኝ። አንስቼ ሰቀልኩት። ዶክተሩ ሁለቱን መስመሮች፣ የተኛውን ክፍያና የሚወጣውን የኑሮ ዋጋ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አስረዱ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንዴት እየሰፋ እንደመጣ አሳዩ። ማንም አልሳቀም።

"ዶክተር፣" አሉ ሰብሳቢው፣ "እኛ የጠየቅንዎ ስለ ብድር ነው።"

"ስለ ብድሩ መልሴ አትንኩት ነው።"

"መልካም። ስለዚህኛው ወረቀት የጠየቀዎ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው በቃለ ጉባኤው አይግባ" አሉ ጸሐፊውን፤ ጸሐፊውም ብዕሩን አስቀመጠ።

ብድሩ አልተነካም። ተስፋዬ ሥራው ላይ ነበር፣ ከረመዳን በኋላም ሰርጉ ስለቀጠለ ጥሩ ወር ሆነለት። የጥናቱ ገንዘብ ግን አልታደሰም። ክረምቱ ሲያበቃ የኮልፌዋን ክፍል ልንዘጋ ሄድን። መኪናዋን በጨርቅ ጠቅልለን ጋሪ ላይ ጫንናት። ጠዋት ነበር፣ የሚቆሙት ሰዎች ጥጋቸውን ይዘዋል፤ ዶክተሩ ሊሰናበቷቸው ሲጠጉ ሽፈራው ቀደማቸው።

"ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስጠይቁን ኖረው ምን አገኙ?"

"የቀን ክፍያችሁ ባለበት ቆሟል። የምትገዙት ነገር ሁሉ ግን እየሄደ ነው።"

ሳቁ ፈነዳ። "ለዚህ ነው? ሚስቴን ቢጠይቋት እኮ በአንድ ጠዋት ትነግርዎ ነበር!"

"አንተን ደግሞ በየምሽቱ ነው የምትነግርህ" አለው አንዱ።

ዶክተሩም አብረው ሳቁ። "እናንተ እንደምታውቁትማ አውቃለሁ" አሉ። "እኔ የደከምኩት እዚያ ያሉት አልሰማንም እንዳይሉ ነው።"

"ነገሯቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ጻፉት?"

"አልጻፉትም።"

ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። ተስፋዬ የተሸከመውን አጠና ከትከሻው አወረደና አቆመው።

"ካልጻፉትማ አልሰማንም ማለታቸው አይቀርም" አለ። "ደግመው ይንገሯቸዋ።"

"እኔን ከእንግዲህ አያስገቡኝም" አሉ ዶክተር ዘለቀ።

ተስፋዬ ላቡን በክንዱ ጠረገ። ዶክተሩን አይደለም ያየው።

"እሷንስ አያስገቧትም?" አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።